ሁለት ቋጠሮ ያለው ታፔላ

መስከረም 9

ለእናቴ ታናሽ እህት፣ ገና ጥርሴን ሳልነቅል ተቀብለሽ ላሳደግሽኝ አክስቴ፦

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የስፌት መኪናሽስ አሁንም ከጎረቤት ጋር ያጣላሻል? እኔ እዚህ ሰው አገር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሊፍት መጠገኑ እንደቀጠለ ነው። ሰው በእግሩ ፎቅ መውጣት እስከጠላ ድረስ ሥራ አላጣም። ጆሮሽ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ለምጃለሁ፤ እንዲያውም በስልክ የማልደፍረውን በወረቀት እደፍራለሁ።

ዛሬ የምነግርሽን ጨርሰሽ አንብቢና ከዚያ ሳቂ። እኔ የድሮ ጌም ቤቶችን ታፔላ እሰበስባለሁ። አዎ፣ ታፔላ። ጌም ቤቶቹ ሲዘጉ ተነቅሎ የተጣለውን፣ መጋዘን ውስጥ የተረሳውን እየፈለግሁ እገዛለሁ። ታፔላ ብቻም አይደለም። ከካሴት ጋር በነፃ ይሰጥ የነበረ ስቲከር፣ ሱቅ ሲመረቅ የታደለ የቁልፍ መያዣ፣ በር ላይ ይቆም የነበረ የካርቶን ወታደር ሁሉ አለኝ። ወታደሩ ኮሪደሬ ላይ ቆሞ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ አስደንግጦ መሣሪያውን አስጥሎታል። እብድ እኔ ብቻ አይደለሁም። እንደኔ ያሉ ብዙ ናቸው፤ እሁድ እሁድ አንድ የተተወ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየተገናኘን እንለዋወጣለን፣ እንከራከራለን።

ግን ከሁሉም የምፈልገው አንዱ የለኝም። ጋሼ በሕይወት ሳለ በፊት ለፊቱ ክፍል የከፈተውን ጌም ቤት ታስታውሻለሽ። ሦስቱን ቴሌቪዥኖች፣ ያንን የልጆች ጫጫታ። ታፔላውን ጋሼ በገዛ እጁ ነበር የሳለው፤ ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ጆይስቲክ ይዞ ወደ ላይ ሲዘል። ባልሽን ባሕር ከበላብን ወዲህ ስለሱ ማውራት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው እስከዛሬ ያልጠየቅሁሽ። ታፔላውን ካልጣልሽው አስቀምጪልኝ። ሳሎኔ ውስጥ አንድ ግድግዳ ባዶውን የተውኩት ለሱ ብዬ ነው።

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥሽ።

ልጅሽ


ጥቅምት 14

ለልጄ ለቃርሜ፣ ባለህበት ክፉ አይንካህ፤ እንቅፋትህን ሁሉ ከእግርህ ፊት ያንሳልህ።

እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ዐይኔ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ክው ነው ያልኩት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚሉት ይሄን ነው? ድሮ የጠርሙስ ክዳን ከየመንገዱ እየቃረምክ ኪሴን ሁሉ ስትሞላው ነው ቃርሜ ያልኩህ። ያድጋል፣ ይተዋል ስል ጸጉርህ ሸብቶ ወደ ታፔላ አደግክ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ታፔላ የያዘውንማ ምን እንደሚሉት እንጃ።

ታፔላህ አልተጣለም። የሻወር ቤቱ በር ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርጌ ነበር ያስቸነከርኩት። በኋላ ያ ቀይ ጃኬት ለባሽ ስታጠብ አፍጥጦ ሲያየኝ አላስችል አለኝና ወደ ውጭ አስዞርኩት። አሁን የሚያፈጥጠው በጎረቤት ላይ ነው። አስነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጥልሃለሁ፤ በምትኩ ጤነኛ በር አስገጥማለሁ።

አሁን ደግሞ አንተ ደንግጥ፤ ተራህ ነው። ላገባ ነው።

ሰውዬውን በስም ጠቅሼልህ አውቃለሁ፤ ባለሰዓቱ ነው። ጌም ቤት የነበረውን ክፍል ተከራይቶ ሰዓት የሚሠራው። እሱም ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ድሮ የዳረ ሰው ነው። አንድ ቀን መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኝ ስታገል አየኝ። ዐይኔ እየደከመ ነው፣ ቃርሜ፤ አልደብቅህም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት በፊት መርፌዎቼን ሁሉ በየቀለሙ ክር እያስገባ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክቶልኝ ይሄዳል። በዚህ ተያዝኩ። ሌላ ምን ልበልህ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አበባ አልጠብቅ።

ጥቁሩን አውልቄዋለሁ። ለጋሼህ በቂ አልቅሻለሁ፤ ጎረቤት ምስክር ነው። ግን ከዘር የቀረኸኝ አንተ ነህና ይሁን ካላልከኝ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። ሠርጉ ጥር ውስጥ ነው። ለእኔ የምትልክልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ ጫማ፣ ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ። ከፍ ያለ ልከህ እንዳታስወድቀኝ።

ያሳደገችህ አክስትህ


ኅዳር 12

ለውድ አክስቴ፣ ለሙሽራዋ፦

ይሁን ነው ወይ የምትይኝ? እሰየው ነው እንጂ። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ ሁለት ፎቅ መሃል በቆመ ሊፍት ጣሪያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ጮክ ብዬ ስስቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ገመዱ የተበጠሰ መስሏቸው ተንጫጩ። ባለሰዓቱን ሳላየው ወደድኩት። ትዳርሽ የሰመረ፣ እርጅናችሁ ያማረ ይሁን። ጫማው ተገዝቷል።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ባለፈው እሁድ እዚያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ ነጋዴ የሚሸጠውን ታፔላ አየሁና እግሬ ከመሬት ተጣበቀ። እዚሁ ከተማ ከተዘጋ ጌም ቤት የተነቀለ ነው አለ። ጽሑፉ የእዚህ አገር ነው፤ ሥዕሉ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ጆይስቲክ ይዛ። ግን የጆይስቲኩ ገመድ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ።

ታስታውሻለሽ? ልጆቹ ጆይስቲኩን ሲጎትቱ ማሽኑ ከጠረጴዛ እየወደቀ አስቸግሮት፣ ጋሼ ገመዱን ከጠረጴዛው እግር ጋር ሁለት ጊዜ ይቋጥረው ነበር። ታፔላውን ሲስል ቋጠሮውንም አብሮ ሳለው። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት ያየሁትን ነው የሳልኩት ብሎ ድርቅ አለ። ስንት ታፔላ አይቻለሁ፤ ገመድ ላይ ቋጠሮ የሚስል ሰው አይቼ አላውቅም። ቀለም አቀባቡም፣ የጣቶቹ አሳሳልም የእሱ ነው። ሳልከራከር ገዛሁት። ቀለሙ ለዕድሜው ደህና ነው። በጣም ደህና ነው።

እስቲ ንገሪኝ፤ ጋሼ ከመሄዱ በፊት ለሌላ ሰው ታፔላ ሠርቶ ያውቃል? በሰው እጅ ወደ ውጭ የላከው ነገር ነበር?

ሌላም ልጠይቅሽ። ያን ጊዜ የጋሼን ጃኬት ይዞ መርዶውን ያመጣው ሰውዬ ጀልባው ሲገለበጥ በዐይኑ አይቷል? ወይስ ሰምቶ ነው የነገረሽ? እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ።

ሰላም ዋይልኝ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 3

ለቃርሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ሰላም ነበርኩ፣ ደብዳቤህ እስኪመጣ።

ጋሼህ በዕድሜው የሠራው ታፔላ አንድ ነው። እሱንም ከቤቱ መስኮት በተረፈ ቀለም ነው። ለማንም አልሠራም፣ ለማንም አልላከም። እንዲያውም ስንት ሰው ሥራልን ሲለው በእኔ ላይ ሳቃችሁ ብሎ እምቢ አለ።

ጃኬቱን ያመጣው ሰውዬ ጀልባው ተገለበጠ፣ እሱ ተረፈ፣ ባልሽ አልተረፈም አለኝ። አይተኸዋል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ጃኬቱን ሳይ ራሴን ሳትኩ፤ ማን ቆሞ ይጠይቃል? ስነቃ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሰውዬው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄዷል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ስለ ቆሻሻ ስትጠይቀኝ ቆይተህ ስለ ሬሳ መጠየቅ የጀመርከው ለምንድን ነው? እንዲሁ ነው ትለኛለህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ልጅ ሆነህ ብርጭቆ ስትሰብር እንዲሁ ነው የምትለው፣ ከዚያ ስብርባሪውን ከአልጋ ሥር አገኘዋለሁ። ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ መርፌ እጄ ላይ አይቆምም። ባለሰዓቱ ምን ሆንሽ ሲለኝ ብርድ ነው እላለሁ። የምጠላውን ውሸት እየዋሸሁት ነው።

ሠርጉ ጥር አሥራ ስምንት ተቆርጧል። የምትነግረኝ ነገር ካለ ከዚያ በፊት ንገረኝ። ከሌለም የለም በለኝና ልረፍ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 19

አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ፈጣሪ ያበርታሽ።

ባለፈው ያልነገርኩሽ ይሄ ነው። ያንን ታፔላ ቤት አምጥቼ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ስል ቀለሙ ሸተተኝ። የአሮጌ ቀለም ሽታ የለውም። ጠርዙን በጥፍሬ ስጭረው ልጥጥ አለ፤ አልተሰነጠቀም። ምስማሩ ዝጓል፣ ቀዳዳው ግን አልዛገም። ክረምት የማያውቅ፣ ዓመት ያልሞላው እንጨት ነው። ተሸወድኩ ብዬ መናደድ ሲገባኝ ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። አዲስ ከሆነ አሁን የሚስለው ማነው?

ዞሬ ግድግዳዬን አየሁ። ጆይስቲክ ያለባቸውን ታፔላዎች አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ አየኋቸው። ሦስቱ ላይ ቋጠሮ አለ፤ ሁለት ሁለት። ለስንት ዓመት ከእነሱ ሥር እየበላሁ፣ ከእነሱ ሥር እየተኛሁ አላየሁም። ያኔ ነው አንቺን ስለ ጃኬቱ የጠየቅሁሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ነጋዴውን ይዤ አልለቅ አልኩት። በሰብሳቢዎቹ ሁሉ ፊት እንዳላጋልጠው ለምኖ አድራሻውን ሰጠኝ። አንድ የጎማ መጋዘን ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ጣሪያው ላይ ታፔላዎች በፀሐይ ተሰጥተዋል፤ በር ላይ ምስማር በሆምጣጤ ተዘፍዝፏል፣ በባልዲ የተፈላ ሻይ አለ፣ እንጨቱ እንዲያረጅ የሚቀቡት። ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይስላል። ጋሼ ብዬ ተጣራሁ።

ብሩሹ ቆመ። ሳይዞር፣ «እዚህ ጋሼ የሚለኝ ሰው የለም» አለ።

እሱ ነው፣ አክስቴ። ሸብቷል፣ ጎብጧል፣ ግን እሱ ነው። እኔ ዐይኔን ማመን አቅቶኝ ፊቱን በእጄ ነካሁት። የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጥኩ።

ጀልባው አልተገለበጠም። ደርሷል። ከደረሰ በኋላ ግን አንድም ነገር አልሆነለትም፤ ባቡር ጣቢያ ነው ያደረው፣ ከወር እስከ ወር። ባዶ እጁን መመለስ አፈረ፣ መጻፍም አፈረ። ያ ሰውዬ ወደ አገር ሲመለስ ጃኬቱን ራሱ አውልቆ ሰጠው፤ የምትሰሚውንም ቃል ራሱ ነው ያስጠናው። ስትጠብቀኝ ከምታረጅ አልቅሳ ይውጣላት ብዬ ነው አለኝ። እኔ እጄን ልሰነዝርበት ነበር። ያሳደገኝ ሰው ባይሆን እሰነዝር ነበር። ለቅሶሽን፣ ጥቁርሽን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። አሁንም ትሰፋለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትሰፋለች፣ ልታገባም ነው አልኩት። ደግ አደረገች አለ። ከዚያ እንዳልነግርሽ ለመነኝ፤ የሞተ ሰው አይጠየቅም አለኝ።

እኔ ግን ከአንቺ አልደብቅም። የማስበውን ልንገርሽና ተቆጪኝ። ከዚያ ጃኬት ካመጣው ሰውዬ በቀር ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንቺ፣ እኔና እሱ። በመዝገብ ሞቷል፣ በሰፈር ሞቷል። እሱም ሞቻለሁ ብሏል። ባለሰዓቱ ምንም ሳያውቅ ሠርግሽን ሠርተሽ ብትኖሪ ማን ይጎዳል? ደስታሽን አታፍርሺ። ጫማውን ከዚህ ጋር ልልከው ነበር፤ መልስሽን ልጠብቅ ብዬ ነው።

ይቅር በይኝ።

ልጅሽ


ጥር 7

ደብዳቤህ ደርሷል። ጫማውን አትላክ።


ጥር 12

ለቃርሜ፣

ባለፈው ሰላምታም ምርቃትም አልጻፍኩልህም። እጄ ላይ አልነበረም። ዛሬም ብዙ የለኝም፤ ግን ጤና ይስጥህ።

ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ሰው። የእኔ ባል ደግሞ ከሞቱም ካሟሟቱም አነሳሱ። ደብዳቤህን ስጨርስ ደንዝዤ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፣ አልጮህኩም። ተነሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማታ ሳየው የደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ አንገቱ ላይ ሰፍቼዋለሁ። ያኔ ነው ደም ወደ ጭንቅላቴ የመጣው። መጥረቢያ አንስቼ ታፔላህን ከተጠቀለለበት አውጥቼ ልፈልጠው ስል ባለሰዓቱ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ መጥረቢያውን ቀማኝ። ምን በደለሽ አለኝ። ታፔላው ማለቱ ነው።

ነገርኩት። ሁሉንም፤ ጃኬቱንም፣ ቋጠሮውንም፣ አንተ ያልከኝንም። ያቺን የሚያጎላ መነጽር ዐይኑ ላይ እንደሰካ ነበር የሰማኝ። ስጨርስ አወለቃትና፣ «በሕይወት ካለ ባልሽ ነው፤ እኔ የሰው ሚስት አላገባም» አለኝ። በቁጣ አይደለም። ጥላውን ይዞ ሄደ። ሠርጉ ቀርቷል፤ ለተጠሩት ታምሜያለሁ ብዬ አስነግሬያለሁ። ግን በማግስቱ ጠዋት ስነሣ መርፌዎቹ ሁሉ ክር ገብቶላቸው ተሰክተዋል። ከዚህ በላይ የሚያስለቅስ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አንተ ሰው፣ ዓመት ያልሞላውን እንጨት አሮጌ ነው ብሎ ሰው ቢሸጥልህ ደምህ ፈላ፤ ነጋዴውን አንቀህ ያዝክ። እኔን ግን ባሏ በሕይወት ያለ ሴት በሻይ ቀብተህ፣ በፀሐይ አስጥተህ፣ መበለት ናት ብለህ ለዚያ ደግ ሰውዬ ልትሸጠኝ ነው? ታፔላ ሲሆን የውሸቱን ከእውነቱ ታውቃለህ፤ አክስትህ ስትሆን አታውቅም? እኔ አሳድጌሃለሁ፤ እንዲህ ግን አላሳደግኩህም። ደነገጥኩብህ፣ ቃርሜ። ከእሱም ይልቅ በአንተ ደነገጥኩ።

እና ስማኝ። ይህን ወረቀት ይዘህ ሂድና እያነበብክ አስደምጠው። እንዲህ በለው፦ ተመለስ አላልኩህም፤ አልፈልግህም። ካሣም አልጠየቅኩህም። አንተ ሞትክ ተብሎ በተጻፈበት መዝገብ ላይ እኔ ታስሬ ቀርቻለሁ። ካለህበት ወጥተህ፣ አለሁ ብለህ፣ ፍቺውን ፈርመህ ልቀቀኝ። ለእኔ ብለህ ከሞትክ ለእኔ ብለህ ተነሣ።



አክስትህ


የካቲት 8

ለአክስቴ፣

ይህን የምጽፈው በሐፍረት ነው። ያልሽኝ ሁሉ እውነት ነው። ለአንቺ የተመኘሁትን ለራሴ ግድግዳ አልመኘውም ነበር።

ደብዳቤሽን ወስጄ አነበብኩለት። አንድ ያልጨረሰው ታፔላ ፊቱ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀስ ሰማ። የመጨረሻዋን ቃል ድገምልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። ብሩሹን አስቀመጠ፣ እጁን በቤንዚን ታጠበ፣ ጥፍሩን ሳይቀር አጸዳ። ነገ እመጣለሁ ብዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ስመጣ ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ ልብሱ የለም። ነጋዴው የከፈልኩበት ሥራ ሳያልቅ አስኮበለልከው ብሎ እየጮኸብኝ ነው። ባቡር ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ የወንዙን ዳር ሁሉ ዞርኩ። ያየው ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሬሳ ተገኘ የሚሉኝ ይመስለኛል። አግኝቼ ዳግመኛ አጠፋሁት፣ አክስቴ። ለአንቺም መፍቻው ጠፋ።

ታፔላዎቹን በሙሉ አውርጄ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሬያቸዋለሁ።

የተሰማሽ ነገር ካለ ጻፊልኝ።

ልጅሽ


መጋቢት 5

ለልጄ ለቃርሜ፣ ልብህ ይረፍ፤ ስልኩን ስታነሣ የምሥራች ብቻ ስማበት።

ወንዝ ዳር አትዙር። እዚህ ነበር።

ደብዳቤህ የደረሰኝ እሱ እዚሁ ሳለ ነው። ከኤምባሲ የመመለሻ ወረቀት አስጽፎ፣ ቀን ነው የመጣው፣ በጠራራ ፀሐይ። አንዲት ደንበኛዬ ላይ ቀሚስ እየለካሁ አፌ መርፌ ቁልፍ ሞልቷል። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ቤቶች አለ፣ እንደ ባዕድ። ድምፁን ሳላየው ዐወቅሁት። መርፌ ቁልፉን አልዋጥኩም፤ ያም ተአምር ነው። ደንበኛዬ ግን ጎኗን ወግቻት ጮኸች፣ የሷን ጩኸት ሰምቶ ጎረቤት ወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቀኝ። የማዶዋ ጎረቤቴ፣ በለቅሶው ቀን ከሁሉ በላይ የጮኸችው፣ አየችውና መጀመሪያ በቁሟ ፈዘዘች። ቀጥላ እንባዬን መልስልኝ ብላ ደረቱን በቡጢ መታችው። ሰው ይስቃል፣ ሰው ያማትባል፣ እሱ ቆሞ ቡጢውን ይቀበላል። እኔ በበሩ ተደግፌ አየሁት። ምን ዓይነት ሽማግሌ ሆነ፣ ቃርሜ።

የት ይደር የሚለው ጣጣ ሆነ። ከእኔ ቤት አያድርም። ባለሰዓቱ ሱቁ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈለት። ሁለቱ ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም፤ ጠዋት ስወጣ አንዱ የአንዱን ጫማ ያየ እንደሆነ እንጂ ዐይን ለዐይን አይተያዩም።

ፍርድ ቤት ሄድን። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ መጀመሪያ አላመነም፤ ሟች በአካል ቀርቧል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ቀርቧል ስለው እስክሪብቶውን ጣለ። ጎረቤት በሙሉ ምስክር ሆኖ ገባ፤ ያለቀሱለትን ሰው በሕይወት አለ ብለው ማሉ። የፈረደበት ሕግ፣ ማንም ከመፋታቱ በፊት መኖር አለበት። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ አየችን፤ ይህ ሰው ምንሽ ነው አለችኝ። ተነሣሁና፣ «ባሌ ነበር። ሞቶ ነበር። አሁን ደህና ነው» አልኩ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋም ሳቀች። ከዚያ እሱ እያለቀሰ መሆኑን አዩና አንድ በአንድ ዝም አሉ። መልሶ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ከሞት የተነሣሁት እንድለቃት ነው አለ። ፈረመ። እኔም ፈረምኩ።

ሠርጋችን የሚመጣው እሁድ ነው፤ ድንኳንም ጥሪም የለም፣ የሰፈሩ ሰው ግን ሳይጠሩት ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያመልጠዋል። አንተን ይቅር ብዬሃለሁ። እሱን ይቅር ማለት ያልቻልኩት ገና ነው፤ ጠይቆኝም አላልኩትም። ውሸት መናገር ሰልችቶኛል።

ወደ እህቱ አገር ሊሄድ ትናንት ተነሣ። አውቶቡስ ተራ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ባለሰዓቱ ነው ሂጂ ያለኝ። ተቀምጦ በመስኮት አየኝ፤ እጁን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። አውቶቡሱ ተነሣ። አቧራው እስኪበተን፣ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ያን ጊዜ ወደ ባሕር ማዶ የሄደው ተኝቼ ሳለሁ ነበር።

አክስትህ